ከቡርሳ ጋር ትውውቅ፤ መገጣጠሚያ አጠገብ ያለው ሕመም

ሸማኔ የሚሠራው ተቀምጦ ነው። እግሩን ወደ ጉድጓዱ ልኮ መርገጫውን እየረገጠ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየሰደደ፣ የሰውነቱን ክብደት በመቀመጫው ሁለት አጥንቶች ላይ ጥሎ ይውላል። ሽሮ ሜዳም ሆነ ዶርዜ ሄዶ ሥራውን ያየ ሰው በእጁና በእግሩ ቅልጥፍና ይደነቃል፤ ቀስ በቀስ የሚጎዳው ግን ያ የማይንቀሳቀሰው ቦታ ነው። እዚያ፣ በአጥንቱና ከላዩ ባለው ጡንቻ መካከል፣ ጥቂት ፈሳሽ የያዘች ስስ ከረጢት አለች። ቡርሳ ትባላለች። ለዓመታት ስትጨፈለቅና ስትፋተግ ትቆጣለች፤ ያን ጊዜ የሚመጣው ሕመም ቡርሳይቲስ ነው።

የእንግሊዝ ሐኪሞች ይህንኑ በአገራቸው ሸማኔዎች ላይ አይተው «የሸማኔ መቀመጫ» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር። ጉልበት ላይ ሲወጣ «የቤት ሠራተኛ ጉልበት»፣ ክርን ላይ ሲወጣ «የተማሪ ክርን» አሉት። በብሪታንያ የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶች ተንበርክከው የሚቆፍሩ ሠራተኞች ጉልበት በዚህ ምክንያት ሲያብጥ ካሳ የሚያስገኝ የሥራ በሽታ ተብሎ በሕግ ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ ዘንድ ግን ጉልበቱ ያበጠ ሁሉ «ሪህ ይዞት ነው» ይባላል፤ ዳሌውን ያመመው ደግሞ «ብርድ መትቶት ነው»። ስለዚህ ሥጋ ይተዋል፣ ጋቢ ይደርባል፣ ሕመሙን ወዳመጣበት ሥራ ግን እንደ ድሮው ይመለሳል። ብዙ ሰው ሊድን በሚችል ሕመም ዓመታት የሚሰቃየው በዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

በሰውነታችን ውስጥ 150 ያህል ቡርሳዎች አሉ። ጅማት በአጥንት ላይ፣ ጡንቻ በጅማት ላይ፣ ቆዳ በአጥንት ላይ በሚተሻሽበት ቦታ ይገኛሉ። ጤነኛ ቡርሳ በጣት ተዳስሳ አትገኝም፤ ሁለት ስስ ግድግዳዎቿ ሊነካኩ ምንም አይቀራቸውም፤ በመካከላቸው ያለው የሚያሙለጨልጭ ፈሳሽ ጥቂት ጠብታ ብቻ ነው። ባዶ ፌስታል ውስጥ ጥቂት ዘይት አንጠባጥቦ በሁለት መዳፉ መሃል ያሸ ሰው ሥራዋ ይገባዋል፤ አንዱ መዳፍ ሌላውን ሳይፍቅ ይንሸራተታል። ክንዳችንን ባነሣን፣ ጉልበታችንን ባጠፍን ቁጥር ጅማቱ አጥንቱን ሳይልግ የሚያልፈው በዚህች ከረጢት ምክንያት ነው።

አንዳንዶቹ ቡርሳዎች ስንወለድ አብረውን የሚወለዱ ናቸው። ከቆዳ ሥር ያሉ እንደ ክርን ዓይነቶቹ ደግሞ በልጅነት፣ መደገፍና መፋተግ ሲበዛ ይፈጠራሉ። ሰውነት ጠንካራ ፍትጊያ ባገኘበት አዲስ ቦታም ቡርሳ ይሠራል፤ ጠባብ ጫማ ዘወትር በሚገፋው የእግር አውራ ጣት አጥንት ላይ የሚወጣው እንዲህ ያለው ነው። አካላችን የምንሠራውን ሥራ አይቶ ራሱን የሚያዘጋጅ መሆኑ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ያ ዝግጅት ግን ልክ አለው። ልኩ ሲታለፍ የቡርሳዋ ግድግዳ ይወፍራል፣ ፈሳሽ ማመንጨት ታበዛለች፣ ጠብታ ብቻ ይዛ የኖረችው ከረጢት ከቆዳ ሥር ጉብ ብላ ትታያለች። ሲጫኑት ያማል፣ ሲተኙበት ያማል፣ ከረጅም መቀመጥ በኋላ ሲነሡ ያማል።

ተደጋጋሚ ጫና ዋናው መነሻ ቢሆንም ብቸኛው አይደለም። ወድቆ መመታትም ያስነሣዋል። በደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ ሲበዛ የሚመጣው ጋውት፣ ማለትም እውነተኛው ሪህ፣ ጥቃቅን ክሪስታሎቹን በመገጣጠሚያ ውስጥ እንደሚያከማች ሁሉ በቡርሳ ውስጥም ያከማቻል። ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለበት ሰውም ቡርሳው ሊቆጣ ይችላል። ባክቴሪያ የገባበት ቡርሳ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እርሱን ለብቻው አነሣዋለሁ።

ጉልበት ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። በቤሩት፣ በሪያድ፣ በዱባይና በኩዌት በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ወለሉንና የመታጠቢያ ቤቱን ሴራሚክ የሚፈትጉት ብዙ ጊዜ ተንበርክከው ነው። አገር ቤትም የቤት ሠራተኛዋ፣ ሴራሚክ አንጣፊው፣ ኮብልስቶን የሚደረድረው ወጣት ጉልበታቸውን ደረቅ ነገር ላይ አሳርፈው ይውላሉ። ከጉልበት ሎሚ ፊት ያለችው ቡርሳ ደግሞ በአጥንትና በቆዳ መካከል ብቻዋን ናት፤ ጡንቻ አይከልላትም። ሰውየው በተንበረከከ ቁጥር ክብደቱ በቀጥታ በእርሷ ላይ ያርፋል።

ይህን ሕመም ከመገጣጠሚያው ሕመም መለየት ያን ያህል ከባድ አይደለም። የቡርሳው እብጠት ከሎሚው ፊት ለፊት ጉብ ይላል። እግርን ቀጥ አድርጎ መዘርጋት ብዙም አያምም፤ የሚያመው ጉልበቱን እስከ መጨረሻው ሲያጥፉት ነው፤ ያን ጊዜ ቆዳው ተወጥሮ ቡርሳውን ይጫናል። ሕመሙ ከራሱ ከመገጣጠሚያው ሲሆን እብጠቱ ጉልበቱን ዙሪያውን ይሞላዋል፣ እንቅስቃሴው ወደየትም አቅጣጫ ያማል። ልምምድ ያለው ሐኪም ጉልበቱን በእጁ ይዞ አጥፎና ዘርግቶ ብዙውን ነገር ያውቃል። ራጅ የሚታዘዘው ቡርሳውን ለማየት ሳይሆን ስብራት ወይም ሌላ የአጥንት ችግር እንደሌለ ለማረጋገጥ ነው፤ ፈሳሹን የሚያሳየው አልትራሳውንድ ነው።

መድኃኒቱ የሚጀምረው ከጉልበቱ በታች ካለው ነገር ነው። ባለ ረጅም እጀታ መወልወያ ለአሠሪው ርካሽ ዕቃ ነው፤ ለሠራተኛዋ ግን የጉልበቷ ዕድሜ ማለት ነው። መንበርከክ ግድ ከሆነ ወፍራም ስፖንጅ ይነጠፋል፣ ወይም ግንበኞች የሚያስሩት የጉልበት መከላከያ ይታሰራል፤ በየመሃሉም ይነሣሉ፣ ይንጎራደዳሉ። ሰው ቀጥሮ የሚያሠራ ሁሉ ይህን ማሟላት እንደ ደመወዝ ግዴታው ነው ብዬ አምናለሁ። ስግደትም ይኸው ነው። በዓቢይ ጾም፣ በተለይ በሰሙነ ሕማማት ስግደቱ ሲበዛ ጉልበታቸው የሚያብጥ ምእመናን አሉ። ከጉልበት ሥር ወፍራም ምንጣፍ ማድረግ ጸሎትን አያጎድልም፤ የታመመ ሰው ደግሞ ከንስሐ አባቱ ጋር መመካከር ይችላል። በእስልምናም መንበርከክ ያቃተው ሕመምተኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንዲሰግድ ተፈቅዶለታል።

የክርኑ ቡርሳ ከጉልበቱ ብዙ አይለይም። ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ በሚያነብ፣ በመኪና በር ላይ ክርኑን አሳርፎ በሚነዳ ሰው ላይ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ እብጠቱ ከሕመሙ ይበልጣል። ባክቴሪያ ከሌለበትና ካላሠቃየ ሐኪሞች በመርፌ ከመቅዳት ይልቅ መተውን ይመርጣሉ፤ መርፌው ራሱ ባክቴሪያ ሊያስገባ ይችላልና። ክርኑን ካልተደገፉበት በሳምንታት፣ አንዳንዴም በወራት ይከስማል። ተረከዝ ላይ የሚወጣው ደግሞ ጫማው ኋላው ጠንካራ ሲሆን ነው፤ ጫማውን መቀየር ከብዙ ክኒን ይሻላል።

ዳሌ ግን ያሳስታል። ከጭን በላይ በጎን በኩል በእጅ ሲዳሰስ ጉብ የሚል አጥንት አለ፤ ቡርሳዋ እዚያ ላይ ታርፋለች። ሕመሙ ከ40 እስከ 60 ዓመት ባሉ ሴቶች ላይ ይበዛል። በዚያ ጎን መተኛት አይቻልም፤ ደረጃ መውጣት፣ በአንድ እግር ቆሞ ልብስ መልበስ ያማል። ለረጅም ዘመን ጥፋቱ ሁሉ የቡርሳዋ ነው ተብሎ ነበር። አልትራሳውንድና ኤምአርአይ ከመጡ በኋላ ግን በአብዛኞቹ ሕመምተኞች ዋናው ጉዳት ያለው ከመቀመጫ ጡንቻዎች መጥተው እዚያ አጥንት ላይ በሚያያዙት ጅማቶች ውስጥ እንደሆነ ታወቀ፤ ቡርሳዋ የምትቆጣው ብዙ ጊዜ እነርሱን ተከትላ ነው። ይህ ሕክምናውን ለውጦታል። የተጎዳ ጅማት በመተኛት ብቻ አይድንም፤ የሚጠነክረው ሸክምን ቀስ በቀስ እየለመደ ነው።

በአውስትራሊያ የተካሄደና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት እንዲህ ያለ ሕመም ያለባቸውን 204 ሰዎች በሦስት ከፍሎ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ስለ አቀማመጥና አቋቋም ትምህርት እየተሰጣቸው ለስምንት ሳምንት ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ሠሩ። ሁለተኛዎቹ አንድ የኮርቲዞን መርፌ ተወጉ። ሦስተኛዎቹ ምክር ሰምተው ጠበቁ። በስምንተኛው ሳምንት ሲጠየቁ ተሻለኝ ያሉት ከመጀመሪያዎቹ ከመቶ 77፣ ከሁለተኛዎቹ 58፣ ከሦስተኛዎቹ 29 ነበሩ። ዳሌዋን ለሚያማት እናት ይህ ታላቅ ዜና ነው፤ ከሁሉ የተሻለው ሕክምና ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበትን አጥፎ፣ መቀመጫን ከምንጣፉ ቀስ ብሎ ማንሣትና መመለስ ከእንቅስቃሴዎቹ አንዱ ነው። በጎን ሲተኙ በጉልበቶች መሃል ትራስ ማድረግ፣ እግርን አጣምሮ አለመቀመጥ፣ በአንድ ዳሌ ላይ ተጥሎ አለመቆም፣ ሕፃንን ሁልጊዜ በአንድ ጎን አለመያዝ የዚያው ሕክምና ክፍል ናቸው።

የትከሻው ታሪክም ተመሳሳይ ነው። የቦስተኑ ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ኮድማን በ1934 እ.ኤ.አ. ስለ ትከሻ ብቻ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳትሟል፤ ከትከሻ ጫፍ አጥንት ሥር ስላለችው ቡርሳና ከእርሷ ሥር ስለሚያልፉት ጅማቶች በዝርዝር የጻፈ ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ የታመመውን ክንድ ወደ ታች ለቆ ቀስ አድርጎ ማወዛወዝ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። የትከሻ ቡርሳ ሕመም ምልክት ክንድ ወደ ጎን ሲነሣ ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ባለው መካከል ላይ ማመሙ፣ ከዚያ ካለፈ በኋላ ደግሞ ቀለል ማለቱ ነው። ከመደርደሪያ ላይ ዕቃ ማውረድ፣ ፀጉር መሠራት፣ ካፖርት መልበስ ፈተና ይሆናል። ለዓመታት በየአገሩ አጥንቱን የሚልጉና የተቆጣውን ቡርሳ የሚያወጡ ቀዶ ሕክምናዎች በብዛት ሲደረጉ ኖረዋል። በብሪታንያ 313 ሕመምተኞች የተሳተፉበትና ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ግን እውነተኛውን ቀዶ ሕክምና ያገኙትና በካሜራ ታይተው ምንም ሳይነካባቸው የተዘጋላቸው ሰዎች በሕመማቸው ልዩነት እንዳልነበራቸው አሳየ። ስለዚህ ትከሻዎን አሞዎት ቀዶ ሕክምና ቢታዘዝልዎ፣ አስቀድመው በሚገባ የተሠራ ፊዚዮቴራፒ ሞክረው እንደሆነ ራስዎን ይጠይቁ። ስኳር ያለበት ሰው ክንዱ በሌላ ሰው እገዛ እንኳ የማይነሣ ሆኖ እየደረቀ ከመጣ ግን ይህ ሌላ ሕመም ነው፤ በስኳር ሕሙማን ላይ ይበዛልና ቶሎ ይታይ።

አሁን ስለ ማስታገሻ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቅዝቃዜ ይረዳል፤ በረዶ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በረዶ ከሌለም በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ፎጣ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በቀን ጥቂት ጊዜ። በረዶውን በቀጥታ ቆዳ ላይ ማድረግ ያቃጥላል። ፓራሲታሞል ሕመሙን ያቀልላል። ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ቁጣውንም ይቀንሳሉ፤ ሆኖም ጨጓራን ያደማሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ የደም ግፊትን ያባብሳሉ። እርጉዝ ሴት፣ የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት፣ የልብ ወይም የግፊት ሕመም ያለበት ሰው፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪም ሳያማክር ሊወስዳቸው አይገባም። ኢቡፕሮፌንንና ዲክሎፌናክን ደርቦ መውሰድ ጉዳትን እንጂ ፈውስን አያበዛም።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ በጣም ያሳዝነኛል። «ዲክሎ ውጉኝ» እያሉ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት መዞር። መርፌው በጡንቻ ስለሚሰጥ ጨጓራን አያገኘውም ብሎ የሚያምን ብዙ ነው። መድኃኒቱ ጨጓራን የሚጎዳው በደም ዞሮ ነው፤ በመርፌም በክኒንም ያው ነው። በቆዳ ላይ የሚቀባው የዲክሎፌናክ ጄል ግን ወደ ደም የሚገባው በጥቂቱ ስለሆነ እንደ ጉልበት ላሉ ለቆዳ ቅርብ ቦታዎች የተሻለ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት መዋጥ ነው። የእነዚህ መድኃኒቶች ዘር የሆነው ኮርቲዞን ሲገኝ ዓለምን ያስደነቀ ነገር ነበር፤ በ1950 እ.ኤ.አ. ለሦስት ሳይንቲስቶች የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። በሐኪም እጅ፣ በልኩ፣ ቡርሳው ውስጥ ሲሰጥ ለሳምንታት ብሎም ለወራት እፎይታ ይሰጣል። ስኳር ያለበትን ሰው ለቀናት የደም ስኳሩን ከፍ ያደርግበታል፤ ሲደጋገም ጅማትን ያዳክማል፤ ባክቴሪያ ባለበት ቡርሳ ውስጥ ደግሞ ጨርሶ አይሰጥም። ያለ ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ የሚዋጠው ግን አጥንትን ያሳሳል፣ ስኳርና ግፊትን ያመጣል፣ በድንገት ሲቆምም ራሱን የቻለ አደጋ አለው።

ከሕመም ጋር መኖር ከመድኃኒት በላይ ይጠይቃል። ያመመው ሰው ፍርሃት ይይዘዋል፤ እንቅስቃሴ የሚጎዳው እየመሰለው ይተኛል፤ በተኛ ቁጥር ጡንቻው ይከሳል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ሕመሙም ይብሳል። ዕረፍት የሚሰጠው ለተቆጣው ቦታ እንጂ ለመላው ሰውነት አይደለም። ጉልበቱን ያመመው ሰው መንበርከኩን ይተው፤ መራመዱን አይተው። ትከሻውን ያመመው ከራስ በላይ ማንሣቱን ይቀንስ፤ ክንዱን ግን በየቀኑ ያንቀሳቅሰው። ፊዚዮቴራፒስቶች የሚሰጡት መለኪያ ቀላል ነው፤ ከእንቅስቃሴ በኋላ የመጣው ሕመም በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት ከተመለሰ ልኩ ደህና ነበር፤ ካደረና ከባሰ በሚቀጥለው ቀን ይቀነሳል። ቤተሰብም ድርሻ አለው። የቤቱን ሥራ ሁሉ በአንዲት ሴት ጉልበት ላይ ጥሎ ስትታመም ማስታገሻ መግዛት ርኅራኄ አይባልም፤ ሥራውን መካፈል ይቀድማል።

አሁን ቀደም ብዬ ወዳቆየሁት ወደ ባክቴሪያው ጉዳይ ልመለስ። በክርንና በጉልበት ላይ ያሉት ቡርሳዎች ከቆዳ በታች ቅርብ ስለሆኑ ትንሽ ጭረት፣ ስንጥቅ ወይም ቁስል በር ይሆናቸዋል። የሚገባው ብዙ ጊዜ ቆዳችን ላይ የሚኖረው ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የተባለው ባክቴሪያ ነው። ስኳር ያለበት፣ የመከላከል አቅሙ የተዳከመ፣ መጠጥ የሚያበዛ ሰው በይበልጥ ይጋለጣል። ሐኪሙ ከእብጠቱ በመርፌ ፈሳሽ ቀድቶ ነጭ የደም ሴል፣ ባክቴሪያና ክሪስታል እንዳለው ያስመረምራል፤ ሕክምናው አንቲባዮቲክ ነው፤ መግሉ ደጋግሞ መቀዳት ወይም በቀዶ መውጣት ሊኖርበት ይችላል። እንደ እኛ ቲቢ ባለበት አገር ደግሞ ብዙ ሳያምም ለወራት የቆየ እብጠት ለቲቢም መመርመር አለበት።

ስለዚህ ያበጠ መገጣጠሚያን መበጣት፣ ዋግምት ማድረግ፣ መተኮስ ያስፈራኛል፤ ባክቴሪያውን በገዛ እጅ መጋበዝ ነውና። ወጌሻ የወለቀን ክንድ በመመለስ የተመሰገነ ሙያ ይዞ ኖሯል። በተቆጣ ቡርሳ ውስጥ ግን ወልቆ የሚመለስ ነገር የለም፤ ማሸቱ ቁጣውን ይጨምራል፤ መግል ካለበት ደግሞ ይበትነዋል። ያበጠው ቦታ ከቀላ፣ ከጋለ፣ ከዕለት ወደ ዕለት ሕመሙ ከጨመረ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከታከለበት፣ ወይም መገጣጠሚያውን ጨርሶ ማንቀሳቀስ ካቃተዎት አይታሹ፣ አይበጡ፣ ዲክሎ ተወግተውም አይደሩ። በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ።